ከመስኮቱ ሥር የተነሡት ቄስ

ከቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ከቤቴ ፖሊሶች የወሰዱኝ ምርጫው ባለፈ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ጋቢ አቀበለችኝ፤ ሌላ ነገር ለመያዝ ጊዜ አልነበረም። ያስገቡን ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የላብና የሽንት ሽታ ፊቴን መታኝ። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ጥግ ላይ ደግሞ የምንጸዳዳበት ባልዲ።

ከመስኮቷ ሥር አየር የሚደርስበትን ቦታ ይዘው የሚተኙት ከሸቤ አካባቢ የመጡ ቄስ ነበሩ። የሰፈራቸው ልጆች ሲታሰሩ ለምን ብለው በመጠየቃቸው ነው የታሰሩት። ቦታውን እስረኛው በአክብሮት ሰጥቷቸዋል። ባልዲው አጠገብ የሚተኛው መጨረሻ የገባ ሰው ነው። ያን ሰሞን እዚያ የሚተኙት የመንደራ ቆጪ ሰፈር ልብስ ሰፊ የሆኑ አንድ አረጋዊ ሙስሊም ነበሩ። አስም አለባቸው። መድኃኒታቸውን ጠባቂዎቹ በር ላይ ቀምተዋቸዋል።

አንድ እሑድ ጠዋት ቄሱ ስለ ትሕትና ሲያስተምሩ አብሮን የታሰረ አንድ ብረት በያጅ አቋረጣቸው። ጣቶቹን በምርመራ ላይ ሰብረውበታል።

«ማሎ አባ፣ እባክዎ ይበቃል። እርስዎ አየሩን ይዘው ስለ ትሕትና ይነግሩናል፤ ሰውየው እዚያ እየታፈኑ ነው። ደግሞ መስቀልዎን ያልወሰዱብዎ ለምንድን ነው? ወሬ ስለሚያቀብሏቸው አይደል?»

አንዱ ሊመታው ተነሣ። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። አልተናደዱም ማለት አልችልም።

«ተወው» አሉ። «ዳዊት ንጉሥ ሆኖ ሳሚ ሲረግመው፣ ምናልባት እግዚአብሔር ይሆናል ያናገረው ብሎ ሊገድሉት የተነሡትን ሰዎቹን ከልክሏል።» ከዚያ ወደ በያጁ ዞሩ። «ስለ ቦታው የተናገርከው እውነት ነው። ማየት ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ባልዲው ሄዱ።

«የለም አባ፣ እኔ ለምጄዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ለእኔ ሲሉ መስኮቷ ሥር ይተኙ» አሏቸው ቄሱ።

በኋላ ሰላይ ስለመባላቸው ለምን እንዳልመለሱ ጠየቅኋቸው። ዝምታቸው አሳስቦኝ ነበር።

«ብመልስለት ስለ እኔ ክብር ስንከራከር እንውል ነበር» አሉኝ። «ሰውየው መተንፈስ አልቻሉም እኮ።»

ልብስ ሰፊው ለጥቂት ቀናት ትንሽ ተሻላቸው። ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ትንፋሻቸው ጠፋ። በሩን ደበደብን፤ ጮኽን። ሲከፍቱልን አልፈው ነበር። በምንጣፋቸው ተሸክመው ወሰዷቸው።

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። በያጁ አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠ።

«አባ፣ ስለ መስቀሉ ያልኩት...»

«እሱን ተወው። ምነው ስለ ቦታው ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉት።

ሙስሊሞቹ ለሟቹ ሊሰግዱ ሲቆሙ ቦታ ጠበባቸው፤ ባልዲው አጠገብ ያለው ወለል ደግሞ እርጥብ ነበር። ቄሱ ያላቸውን አንድ ጋቢ እርጥቡ ላይ አነጠፉላቸውና ሰግደው እስኪጨርሱ ባዶ እግራቸውን ጥግ ላይ ቆሙ።

ዛሬ፣ ከተፈታሁ በኋላ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ወላጅ መጥቶ ሲወቅሰኝ ቀድሞ የሚመጣው ንዴቴ ነው። ንዴቱ እስኪያልፍ ዝም እላለሁ። ከዚያ ከተባልኩት ውስጥ እውነቱ የቱ እንደሆነ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን እውነቱን ሳገኘው ሰውየው ሄዷል፤ ይቅርታ ልጠይቀው እቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።