ወፍ የሌለበት ቅርንጫፍ

ቡና ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ከኮልፌ ገበያ ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ግራጫ ንጣፍ ነው፤ ዳር ዳሩን አበባ የተተከለባቸው የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉ፤ ወጣቶች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዳንድ ቀን ቆም እልና ባንኮኒው የቱ ጋ እንደነበረ፣ ወደ ኋላ የሚወስደው መተላለፊያ ከየት እንደሚጀምር በእግሬ ለመለካት እሞክራለሁ። ከዚያ ሰው ያየኛል ብዬ እሄዳለሁ። የዚያን ቤት ውስጡን ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማየቴን ባለቤቴ ሳያውቅ ሞተ።

እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ አንዷን ገጽ ይዤ እውላለሁ። ቢዘገይም ልጻፈው።

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ቤት ጠጥቷል ብል ሰካራም ይመስላል። አልነበረም። ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይላል፣ አንድ ቢራ ያዝዛል፣ ያቺን አንድ ቢራ እስክትሞቅ ይዟት ይጫወታል፣ ራት ሳይቀርብ ቤቱ ይገባል። ስንጋባ ጌታን ተቀብሎ ነበር፤ ቢራውን ግን አልተወም። እሑድ ከጎኔ ቆሞ ይዘምራል፣ ሰኞ ቡና ቤቱ ነው። እኔ ደግሞ ከጥብቅ ቤት ነው የወጣሁት። ወላጆቼ ከቦንጋ በኩል መጥተው ኮልፌ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ሁለቱም ጴንጤዎች ነበሩ። ቤታችን ዘይት እንኳ በቢራ ጠርሙስ ተገዝቶ አይገባም።

«አንድ ቀን አብረሽኝ ግቢ» ይለኝ ነበር ባለቤቴ። «ምንም አትጠጪ። ኮርኒሱን ቀና ብለሽ አይተሽ ትወጫለሽ።»

«ደጃፉን አልረግጥም» እለዋለሁ።

በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ በዓል በመጣ ቁጥር እንዲሁ እመልስለታለሁ። እየሳቀ ብቻውን ይሄዳል።

አንድ ዓመት ከጸሎት ኅብረታችን የአንዷ እህት ልጅ እዚያ ቤት መጠጥ ለመደ። እናቱ ስታለቅስ ከረመች። በመጨረሻ እህቶች ተመካክረን ቤቱን እንደ ኢያሪኮ ልንዞረው ወሰንን፤ ስድስት ቀን አንዳንድ ዙር፣ በሰባተኛው ቀን ሰባት ዙር። ችግሩ ቡና ቤቱ ከወፍጮ ቤትና ከልብስ ሰፊ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እሱን ለይቶ መዞር አይቻልም። ስለዚህ ሦስቱንም አንድ ላይ እንዞር ነበር፤ ጧት ጧት፣ ባሎቻችን ሥራ ከሄዱ በኋላ፣ ነጠላችንን ተከናንበን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እየጸለይን። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ፣ «እህቶቼ፣ እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለን። ወሬው ባለቤቴ ጆሮ ገባ። ስትዞሩ እኔን ውስጥ አድርጋችሁ እንዳታፈርሱት ብሎ ቀለደብኝ እንጂ አልተቆጣም።

በሰባተኛው ቀን፣ ዙሩ ሳያልቅ፣ ሽንቴ መጣ። ቤቴ ሩቅ ነው። ባለ ቡና ቤቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው አሮጊት፣ ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ስቁነጠነጥ አይተው ገባቸው።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉኝ። «ለዚህ እንኳን ጸሎት አያስፈልግም።»

እህቶች ጥጉን ዞረው ሄደዋል። ገባሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ብርሃኑን ነው። ከበሩ በላይ አረንጓዴና ቢጫ መስተዋት ነበረ፤ የጧት ፀሐይ በእሱ በኩል ወለሉ ላይ ወድቃለች። ወለሉ የድሮ የአበባ ማቶኔላ ነው፤ ሰው በሚረግጥበት መሃሉ አበባው ጠፍቷል፣ ጥግ ጥጉን ግን እንዳለ ነው። ባንኮኒው ወፍራም ጥቁር እንጨት ሆኖ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ዘይት ቀለም ነው፤ ከዚያ በላይ ማን እንደሳለው የማይታወቅ ሐረግ ዙሪያውን ይሄዳል። ቀና ስል ኮርኒሱ። ጣውላው በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ፣ በቅርንጫፉ ላይ አንድ ወፍ። አንዱ ወፍ ከሌላው አይመሳሰልም። ጭስ አጥቁሯቸዋል፣ ዓይናቸው ግን ያበራል።

አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፈርኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። በመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከሽንት ቤቱ በር በላይ ያለችው የኮርኒስ ማዕዘን ውስጥ ቅርንጫፍ ብቻ ነበረ። ወፍ የለውም። ስመለስ እንደገና ቀና ብዬ ሳየው እትዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

ዝናብ አስገብቶ ጣውላው ተቀይሮ ነው አሉኝ። ሰዓሊው ቅርንጫፉን ስሎ፣ ወፏን ነገ እጨርሳለሁ ብሎ ሄዶ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያለች አንዲት ወንበር አሳዩኝ። «ያንቺ ሰውዬ እዚያች ላይ ነው የሚቀመጠው። ካላመንሺኝ ዳብሺው፣ ጎድጉዷል።» አልዳበስኩም። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። አልተናገሩም።

ውጭ እህቶች ዞረው ደርሰዋል። ውስጡ ምን ይመስላል አሉኝ።

«ጨለማ ነው» አልኩ። «ምንም የለበትም።»

አሜን አሉ። የቀሩትን ዙሮች ከእነሱ ጋር ጨረስኩ።

ቤቱ ያን ጊዜ አልወደቀም። ልጁም መጠጡን በራሱ ጊዜ ተወ። ዓመታት አለፉ፣ እትዬ አረፉ፣ ልጆቻቸው ቤቱን አከራዩት። ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። እስካቫተሩ በመጣበት ጧት ባለቤቴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ሲመጣ ትከሻው ላይ ኖራ ነበረበት፤ ሳላራግፍለት ራሱ አራገፈው። በዚያው ሳምንት ከእህቶች አንዷ ጉባኤ ፊት ቆማ መሰከረች። እንደ ኢያሪኮ ዞርነው፣ ጌታ በጊዜው አፈረሰው አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

የባለቤቴ ጓደኞች ከዚያ በኋላ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ግሮሰሪ መሰብሰብ ጀመሩ። ነጭ ሴራሚክና ትልቅ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ነው ይላል ባለቤቴ። የሚያወሩት ግን ስለ ድሮው ቤት ነበር። አንዱ ባንኮኒውን ይሠራል፣ አንዱ መስተዋቱን ይገጥማል፣ ሌላው ያፈርስበታል። ፎቶ የለም። በስልካቸው ያለው የራሳቸው ፊትና ጠርሙስ ነው፤ ኮርኒስ ማን ያነሳል?

አንድ ቀን ባለቤቴ ወፍ ስለሌለበት ቅርንጫፍ አነሳ። ማንም አላስታወሰውም። ከሁሉም የከፋው የልብ ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር፣ ሽንት ቤት ስትሄድ መቼም ሦስተኛ ቢራህ ላይ ነህ፣ ወፏን የጠጣሃት አንተ ነህ አለው። ባለቤቴ ከአንድ ቢራ አልፎ አያውቅም። ሳቁ ግን አላለቀም። ሲገባ «ወፍ የለም!» እያሉ ይቀበሉት ነበር። መጀመሪያ እሱም ይስቅ ነበር፤ ማታ ቤት መጥቶ ይነግረኛል። እኔ ሳህን አነሳለሁ።

ቆይቶ ታመመ። ስኳሩ ኩላሊቱን ይዞት ነበር። ሲደክመው ስም ይጠፋበታል፣ መነጽሩን አድርጎ መነጽሩን ይፈልጋል፤ በእሱ ዕድሜ የማይሆን ነገር አልነበረም። ጓደኞቹ ግን ያችን ወፍ ከዚያ ጋር አገናኟት። ሰውየው ከያኔው ጀምሮ ጭንቅላቱ እየከዳው ነው ማለት ጀመሩ፤ አሁን በማዘን ነበር የሚሉት። እሱም ሰማ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እኔ አጠገቡ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ።

«ያየሁት ይመስለኝ ነበር እኮ» አለኝ። «ቅርንጫፉን ማለቴ ነው። እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። በዚህ ምድር ላይ መልሱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሰው ይረሳል» አልኩት። «አታስብ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ልናገር ብል ደጃፉን አልረግጥም ስል የኖርኩት ሁሉ ሊፈርስ ነው። አንተ ስትለምነኝ እምቢ ያልኩህን ለሽንቴ ገባሁ ልለው ነው። ለእህቶች ምንም የለበትም ብዬ አሜን ማሰኘቴንም። ይህ ሁሉ ከብዶ ታየኝ፤ የእሱ አእምሮ ግን ቀለለብኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ሾፌሩ ሊጠይቀው መጣ፤ ባለቤቴም «ልክ ሳትሆኑ አትቀሩም፣ ወፍ ነበረበት» አለው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር እኔን መጠየቅ ጀመረ። በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ፣ መድኃኒቴን ውጬአለሁ ወይ፣ ይህቺ ልጅ የማን ናት። የሚያውቀውን ሁሉ ሳይቀር። ራሱን ማመን ተወ። ሐኪሙ ከኩላሊቱ በቀር ምንም የለበትም ብሎኝ ነበር።

ካረፈ በኋላ ሾፌሩ እየመጣ ይጠይቀኛል። ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ እሱ ያወራል። ባለፈው አንድ ቀን ምስኪን፣ መጨረሻ ላይ እንኳ ያቺ ወፍ አታልላው ነበር ሲል አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አላታለለችውም» አልኩ። «ወፍ አልነበረበትም። እኔ አይቻለሁ።»

ሁሉን ነገርኩት፤ ዙሩንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ እትዬ ያሉትንም። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርጋል?» አለ በመጨረሻ። «የተሳቀበት ሰው ፊት ነው፤ እኔ ነኝ ያሳቅሁበት። ስንጠራው እብድ እያልን ነው የምንጠራው፤ እስከ ዛሬም። ስሙ የሚመለሰውም እዚያው ሰው ፊት ነው።»

«ግሮሰሪ እንድገባ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ብናገር አያምኑኝም፤ ለሟች አዝኖ ነው ይሉኛል። አንቺ ግን አትዋሽም የምትባይ ነሽ።»

ይህችኛዋ ቃል ከሁሉም በላይ ቆረጠችኝ።

ሁለት ሳምንት አመነታሁ። በኅብረታችን ካሉት እህቶች ሁለቱ ዓለም ባንክ ነው የሚኖሩት፤ በኀዘን ልብስ መጠጥ ቤት ስገባ ቢያዩኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ግን አንድ ጧት ጎረቤታችን ባለቤቴን አንስታ፣ «እሳቸው እንኳ መጨረሻ ላይ ራሳቸውን አያውቁም ነበር» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ብላ ነው። ከዚያ በኋላ መቆየት አልቻልኩም። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሚኒባስ ያዝኩ።

ሾፌሩ በር ላይ ጠበቀኝ። ስገባ ሰዎቹ ከወንበራቸው ተነሡ፤ አንዱ ቴሌቪዥኑን ቀነሰው። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ አልናገረውም ብዬ ነው። ከጀመርኩት ላይ ሁለት ጊዜ እየተመለስኩ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ልክ እንደነበረ፣ አእምሮው ደህና እንደነበረ፣ እኔ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ። ሾፌሩ ከጎኔ ቆሞ፣ «ልክ እሱ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ያሳሳትኳችሁም እኔ» አለ።

 አንድ ሸበቶ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እንግዲህ ካዩት ይፍረዱን፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው መስተዋት ስንጥቅ ነበረው አልነበረውም አለኝ። ሌላው ነበረው አለ፣ ሌላው አልነበረውም አለ። እኔ ያየሁት ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው የሚያየውን ብቻ ነው አልኳቸው። ሳቁ። የሳቁት በእኔ ነው፤ ደስ አለኝ።

ሾፌሩ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ቀና ብዬ ማን እንዳየኝ አልፈለግሁም።

«ቀለለሽ?» አለኝ።

«አልቀለለኝም» አልኩ። «እሱ አልሰማውም።»

«እኔንም አልቀለለኝም» አለ።

ረዳቱ ኮልፌ፣ ኮልፌ እያለ ሚኒባሱ አጠገባችን ቆመ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም፤ ጥሎን ሄደ። ሌላው እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን።