የገረሴዋ እናት አስተርጓሚ
ሕገ መንግሥቱ በጸደቀ ሰሞን ነው። አርባ ምንጭ ፍርድ ቤት ለራሴ ጉዳይ ተቀምጬ ሳለ ዳኛው፣ «ጋሞኛ የሚያስተረጉም አለ?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ከገረሴ የመጡ አንዲት እናት ጎረቤታቸው «መሬቴን ገፉ» ብሎ ከሷቸው ቆመዋል። እሳቸው ብዙ ሲናገሩ እኔ በአጭሩ ሳቀርብ፣ ቆጣ ብለው አንድ ነገር አሉኝ።

«ምን አሉ?» አሉ ዳኛው።

«አሳጠርከው ነው የሚሉኝ።»

ችሎቱ ሳቀ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ ተፈረደላቸው።

ስንወጣ ክንዴን ይዘው ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አደከምኩህ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«እማማ! አማርኛ ይችላሉ እንዴ?»

«ድሮ የሚሉት ሳይገባኝ ፈርደውብኝ፣ እስር ቤት ነው የተማርኩት። ዛሬ ዳኛው ‹በቋንቋዎ መናገር መብትዎ ነው› ሲሉኝ ታዲያ፣ እንዴት ልለፈው?»