አይሊ ስልኳን ትታ የወጣችበት ቀትር

አይሊ ሄኪላ ኮሌጅ ስትገባ የመንደሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ሸኝቷታል። በሰሜን ሚሺጋን ጫፍ ካለችው ከዚያች የግንድ ቆራጮች መንደር ሐኪም ልሁን ብሎ የወጣ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ኬክ ተቆረሰላት፤ አሮጊቶቹ በየተራ “የኛ ዶክተር” እያሉ ጉንጯን ሳሟት። እናቷ የሞተችው እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። አባቷ ሬይኖ፣ ግንድ የሚጭን ከባድ መኪና ሹፌር፣ ጥግ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። ያን ቀን አይሊ ደስ ብሏታል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን “የኛ ዶክተር” የሚለው ነገር ትዝ ባላት ቁጥር እንደ ዕዳ ይከብዳት ጀመር።

ነገሩ የጀመረው ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጋር ነው። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ አርባ አንድ አገኘች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ቀበረችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጊዜ ለማግኘት በቅድሚያ ምሳዋን ተወች። ቀጥሎ ቁርሷን። እንቅልፍም ተራው ደረሰው። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ማነቃቂያ መጠጥ በቀን አራት ትጠጣለች፤ ጥፍሯን ሥጋው እስኪወጣ ትነክሳለች። ፀጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን እያየች እንዳላየች ትሆናለች።

እሁድ እሁድ አባቷ ይደውላል።

“እንዴት ነሽ ልጄ?”

“ደህና ነኝ አባዬ።”

“በረዶውስ?”

“ብዙ ነው።”

“እዚህም ብዙ ነው።”

በዚሁ ያበቃል። ሬይኖ ወሬ የሚችል ሰው አልነበረም።

ወሬ የሚችለው ዴል ፔልኪ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእሷ ጋር የተመደበው ልጅ። የእናቱ ቤት ከኮሌጁ በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል፤ ትከሻው የበር ያህል ነው፤ ሳቁ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። እሷን “ፕሮፌሰሯ” ነበር የሚላት።

“ዛሬ ፊትሽ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ድንች መስሏል ፕሮፌሰሯ።”

“ያንተስ?”

“የኔማ ድሮም ድንች ነው። ማንም ልዩነቱን አያውቅም።”

እውነትም ማንም አላወቀበትም። እሱም እንደ እሷ ይወድቅ ነበር፤ እሱም እንደ እሷ አይተኛም።

በኅዳር ወር፣ ፈተና ላይ ተቀምጣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንደደረሰች፣ የአይሊ ጣቶች ደነዘዙ። ልቧ ጎድኗን ጥሶ የሚወጣ ይመስል መታ። አየር አጠራት። “ሞትኩ” ብላ ስትጮህ መቶ ሃያ ሰው ዞሮ አያት። በአምቡላንስ ወሰዷት፤ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጠፉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ ልቧ ምንም እንዳልሆነ፣ የያዛት ጭንቀት እንደሆነ ነገራት። አይሊ ደስ አላላትም። እንዲያውም የልብ በሽታ ቢሆን ኖሮ ብላ ተመኘች፤ ለመንደሩ የሚነገር ነገር ይሆን ነበርና።

በማግስቱ የኮሌጁ ክሊኒክ አስጠራት። ሲስተር ኖርማ አጭር፣ ወፍራም፣ ለጡረታ ዓመት የቀራት ሴት ነበረች። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣

“ዛሬ ምን በላሽ?” አለቻት።

“ብስኩት።”

“ትናንትስ?”

አይሊ የተነከሰ ጥፍሯን እጅጌዋ ውስጥ ደበቀች።

“ቁጭ ብለሽ፣ በሹካ፣ ሳህን ላይ ያለ ምግብ የበላሽው መቼ ነው?”

“መድኃኒት አይሰጡኝም እንዴ?”

“ካስፈለገሽ ሐኪሙ ያዝልሻል። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣ አማካሪም አለ፤ ስምሽን አስመዝግቤሻለሁ። እስከዚያ ምሳሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ከምሳ በኋላ እስከ ሐይቁ መብራት ቤት በእግርሽ ደርሰሽ ትመለሻለሽ፤ ያንን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ትተሽ። እንዴት ነሽ ከሚሉሽ ሰዎች ደግሞ በቀን ለአንዱ እውነቱን ትነግሪያለሽ።”

“በቃ? ይኼን ለማለት ነው ነርስ የሆኑት?”

“ሠላሳ አንድ ዓመት። አሁን ውጪልኝ፣ ተረኛ አለ።”

አይሊ ምክሩን የጀመረችው በእልህ ነው፤ እንደማይሠራ ልታሳያት ፈልጋ። ምሳዋን እያነቃት በላች። ሐይቁ ውስጥ በገባው የድንጋይ ግድብ ላይ፣ ለመርከቦች እስከሚያበራው እስከ መብራት ቤቱ ስትሄድ ነፋሱ ፊቷን ይገርፋታል፤ እጇ ስልኩን ፍለጋ ባዶ ኪሷን ይዳብሳል። በሳምንቱ ግን ሾርባው ጣዕም አገኘላት። በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እሁድ አባቷ ሲደውል ዓይኗን ጨፍና፣

“አባዬ፣ ደህና አይደለሁም” አለችው።

ሬይኖ “እሺ” ብሎ ዘጋው። በማግስቱ ያ ግዙፍ መኪና ግንድ እንደተጫነ የተማሪዎች ማደሪያው በር ላይ ቆመ። ሬይኖ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ትኩስ ፓስቲ ይዞ ነበር። ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ።

“ትምህርቱን ተዪው ብልሽ ትተዪዋለሽ?”

“አላውቅም።”

“እኔም ምን እንደምልሽ አላውቅም” አለ ሬይኖ። “መንገድ ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት። አላገኘሁም።”

አይሊ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ከዚያ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሬይኖ ጭነቱ እየረፈደበት፣ አለቃው ሲደውል እየዘጋ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቀሰቅሳት ተቀመጠ።

ዴልንም በዚህ ልማዷ ውስጥ ልታስገባው ሞክራ ነበር።

“ና ምሳ እንብላ። ከዚያ እንራመድ።”

“እኔ ስስቅ ይወጣልኛል ፕሮፌሰሯ።”

“እሺ ለኔ ለብቻዬ እውነቱን ንገረኝ። እንዴት ነህ?”

ዴል ጫማውን አየ። “ከጀመርኩልሽ ማቆሚያ የለኝም” አለ። ወዲያው ሳቀና ትከሻዋን መታ አድርጎ ሄደ። አይሊም አልተከተለችውም። በኋላ ለዓመታት ያንን ቅጽበት እያነሳች ስትጥለው ኖራለች።

ታኅሣሥ ላይ የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት መጣ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ዴል የመጨረሻ ፈተናውን ጨርሶ ሲወጣ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። ሁለት ሌሊት አልተኛም።

“ትንሽ ጋደም ብለህ ሂድ” አለችው አይሊ።

“እናቴ ምሳ ሠርታ እየጠበቀችኝ ነው። ቤቴ ገብቼ እስከ ገና እተኛለሁ።”

ቁልፉን እያንቃጨለ ሄደ። እሷ ምሳዋን በላች፤ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ አስገባች፤ ወጣች። ፀሐይ ነበረች። መብራት ቤቱ ከላይ እስከ ታች በረዶ ለብሶ ያብረቀርቃል። አይሊ እዚያ ቆማ፣ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መኖር ጥሩ ነው ብላ አሰበች።

ስትመለስ ዴል ሁለት ጊዜ ደውሎ፣ የድምፅ መልእክት ትቶላት አገኘች።

“ፕሮፌሰሯ፣ የት ገባሽ? ዓይኔ እየተከደነ ነው። አውሪኝ እስቲ። ስለፈለግሽው ነገር አውሪኝ… ኬሚስትሪ ብቻ እንዳይሆን፣ እሱ ይብስ ያስተኛኛል።” ሳቀ። የነፋስ ድምፅ ገባ። “እሺ፣ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ።”

ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ሳይመሽ ወሬው ኮሌጁን አዳረሰው። የዴል መኪና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ ያለ ፍሬን ምልክት፣ ወደ ጫካው ገብቶ ነበር።

አይሊ የዓርቡን ፈተና አልተቀመጠችም። ምሳ ቀረ፤ መብራት ቤቱም ቀረ። ቅዳሜ ሲስተር ኖርማ ክፍሏ ድረስ መጣች።

“ስልክሽን ተዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት!” ብላ ጮኸችባት አይሊ። “እርስዎ! ሲደውልልኝ አልነበርኩም! በእርስዎ ምክር ነው የሞተው!”

የሲስተር ኖርማ ፊት አመድ መሰለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የአይሊን ጫማ ከአልጋው ሥር በእግሯ ስባ፣

“ተዪው ያልኩሽ እኔ ነኝ” አለች። “ያንን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ አንቺ ላይ አልጥለውም። ግን ሁለት ሌሊት ያልተኛ ልጅ ነው መሪ የጨበጠው። እሱንም ማንም እንዴት ነህ ብሎ አላስቀመጠውም፤ እኔንም ጨምሮ። በየቀኑ በክሊኒኬ በር ሲያልፍ ሳቁን እሰማው ነበር።” እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “ጫማሽን አድርጊ።”

አይሊ ያን ቀን አልተነሳችም። ሲስተር ኖርማ እሁድም መጣች፤ ሰኞም። ሰኞ አብረው ወጡ፤ ስልኩ የአይሊ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ። እስከ መብራት ቤቱ ደርሰው ተመለሱ።

በጥር የዴል እናት ወይዘሮ ጆይስ የልጇን ዕቃ ልትወስድ መጣች። አይሊ ካርቶኑን እየያዘችላት ልብሱን አብረው አጣጠፉ። ላትነግራት ትችል ነበር፤ ስለ መልእክቱ ከሲስተር ኖርማ በቀር የሚያውቅ የለም። የመጨረሻው ሹራብ ላይ ስትደርስ፣

“ደውሎልኝ ነበር” አለች። “እንቅልፍ ሲጥለው እንዳወራው ደውሎልኝ ነበር። ስልኬን ትቼ ወጥቼ ነበር።”

ወይዘሮ ጆይስ ሹራቡን እንደያዘች ቀረች።

“የት ነበርሽ?”

“ልራመድ ወጥቼ። ሐይቁ ዳር።”

“ልትራመጂ።” ሴትዮዋ ቃሉን እንደማታውቀው ቋንቋ ደገመችው። “አሰሚኝ።”

ሰማች። ሳቁ ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት ጊዜ አስደግማ ሰማችው።

“ላኪልኝ” አለች ካርቶኑን እያነሳች። “ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ አትጠብቂኝ። አሁን አልችልም። ግን ላኪልኝ።”

አይሊ ኬሚስትሪውን በሚቀጥለው ዓመት ደግማ፣ ለጥቂት አለፈች። ሐኪም አልሆነችም። ዛሬ እዚያው ሐይቁ ዳር ባለ ሆስፒታል የደም ናሙና ትመረምራለች። ሥራዋን ትወዳለች፤ በደንብም ትተኛለች፤ አንዳንድ ሳምንት ግን ልቧ እንደ ያኔው ይነሳባትና ወደ ደረጃው ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ እስኪያልፍ ትቆማለች። አማካሪ ዘንድ ዛሬም ትሄዳለች።

በየታኅሣሡ አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ ወደ ወይዘሮ ጆይስ ቤት ትነዳለች። መጀመሪያ ዓመት በሩ አልተከፈተም። ሁለተኛው ዓመት ተከፍቶ፣ ኩሽና ውስጥ ሾርባ ቀረበላት፤ ስለ ዴል ግን አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ አይከፈትም። ባለፈው ዓመት መብራቱ በርቶ፣ ጭሱ እየወጣ፣ አይሊ አንኳኩታ ሩብ ሰዓት ቆመች። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ደጃፉ ላይ የተከመረውን በረዶ በአካፋ ጠርጋ፣ አካፋውን ቦታው መልሳ፣ ወደ መኪናዋ ሄደች።