የጎረቤቴ ጠመንጃና አዲሱ ዓይኗ

አምስተርዳም አጠገብ ባለችው ዲመን ከበራችን ፊት ለፊት የምትኖረው ሆላንዳዊት ጎረቤቴ አዳኝ መሆኗን ያወቅሁት ዓይኗን ከታከመች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ብስክሌቷን ኮሪደር ላይ እያቆመች ከሰው ጋር የምትጣላ ጡረተኛ መሆኗን ብቻ ነበር። ስልሳዎቹን አጋምሳ ብታልፍም አንቱታ አትወድም። ገና በተዋወቅን ሰሞን ስለከለከለችኝ እዚህም "እሷ" እላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችንን አንኳኳች። የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎ በሰው ሠራሽ ሌንስ ተተክቷል፤ መኪና እንድትነዳ ግን ሐኪሟ ገና አልፈቀደላትም።

"ሮተርዳም አጠገብ ወዳለው የተኩስ ክበቤ ታደርሺኛለሽ?" አለችኝ፣ ዳቦ ቤት አድርሺኝ እንደማለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን የሚኖረው ወንድሟ በየዓመቱ ለአጋዘን አደን ይጠራታል። የምትይዘው ጠመንጃ እንደ ልማዱ ጥቃቅን እርሳስ እየረጨ ወፍ የሚመታው ዓይነት ነው፤ ለአጋዘን ሲሆን ግን አውራ ጣት የሚያህል አንድ ድፍን ጥይት ይጎርሳል። እንደ ፍንጣሪው ተበትኖ ስህተትን የሚሸፍን ነገር ስለሌለ፣ ማነጣጠሪያው የሚያሳየው ቦታና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ አንድ መሆናቸው አስቀድሞ መፈተን አለበት።

"በአዲሱ ዓይኔ የቡና ማስቀመጫ ሳህን በምታክል ቦታ ላይ ካልሰበሰብኳቸው አልሄድም" አለች። "አቁስሎ ማስመለጥን የመሰለ ኃጢአት የለም።"

ይህን ለአባቴ ተርጉሜላቸው ሳልጨርስ ካፖርታቸውን ለበሱ። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከቢልመር ገበያ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ወጣት ሳሉ አጎታቸውን ተከትለው አደን ወጥተው ያውቃሉ። ስንት ጊዜ እንደወጡ እንደ አድማጩ ይለያያል፤ ለእኔ አንድ ጊዜ ብለውኛል፣ ለባለቤቴ ወንድሞች ክረምቱን በሙሉ።

ጠመንጃው በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን ሆኖ ተጓዝን። አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ጎረቤቴ ከኋላ ሆና ስለ ወንድሟ ውሻ ስታወራ፣ እኔ እየነዳሁ ወዲያና ወዲህ ተረጎምኩ። አባቴ "እርስዎ" ያሉትን እኔ "አንቺ" እያደረግሁ አሳልፍ ነበር።

ክበቡ ጣሪያ ያለው ረጅም መተላለፊያ ነው። ከዚህኛው ጫፍ ጠረጴዛና የአሸዋ ከረጢት አለ፤ ከወዲያኛው ጫፍ ዒላማው ይሰቀላል። የክበቡ ተቆጣጣሪ፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚያበጥር ሰው፣ የጆሮ መከላከያ አደለን። ጎረቤቴ ጠመንጃውን ከረጢቱ ላይ አስደግፋ፣ ከላዩ በተገጠመችው ቀይ ነጥብ በምታሳይ ትንሽ መነጽር አነጣጠረችና ተኮሰች። ድምፁ ከጆሮ ይልቅ ሆድ ውስጥ ይሰማል። ደጋገመችው።

አባቴ ጠረጴዛው ላይ በቆመው የዒላማ ማያ ትልቅ መነጽር ቀዳዳዎቹን ተመለከቱ። "ወደ ግራ ይጎትታል። ንፋስ ነው በያቸው።"

አልኳት።

"ጣሪያ ሥር ነን እኮ። ንፋስ ከየት ይገባል?"

"ንፋስ መንገድ አያጣም" አሉ አባቴ።

እሷም ለንፋሱ ሳይሆን ለቀዳዳዎቹ ብላ ማነጣጠሪያውን ወደ ቀኝ አዞረች። ቀጥሎ የተኮሰችው አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ አረፈ። እንደገና ሞከረች፤ ባሰበት። ጥይቱን አውጥታ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችና የጆሮ መከላከያዋን አወለቀች።

"ዓይኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ለወንድሜ ደውዬ ዘንድሮ አልመጣም እለዋለሁ። ምናልባት ከእንግዲህም።"

አባቴ ትርጉም ሳይጠብቁ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ፊቷ በቂ ነበር።

"ንገሪያቸው" አሉኝ። "እኔም የሁለቱን ዓይኖቼን ሞራ ተገፍፌአለሁ። በዚያ ሰሞን ውሃ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈስ ነበር። ሰው ሰላም ስል እጁን አልፌ ክንዱን እይዝ ነበር። አለቀልኝ ብዬ እናትሽን አስለቅሻታለሁ። ኋላ ግን ዓይኔ ለመደ።"

ስተረጉምላት ሳቀች፤ ክንድ የያዙት ላይ ስደርስ አብዝታ ሳቀች።

"አሁን ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑና" ቀጠሉ አባቴ፣ "ከዒላማው በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡልኝ።"

ሸፈነችና አነበበች። የእሳት አደጋ መውጫ ማስታወቂያ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ደቂቅ ጽሑፍ ሳይቀር ወጣችው። እኔ ሁለቱንም ዓይኖቼን ከፍቼ አልታየኝም። ዓይኗ ደህና ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው።

እጇን ዘረጋችና ትንሿን መነጽር በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ነቀነቀቻት። ተነቃነቀች። መነጽሯን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ላልቶ ኖሮ በየተኩሱ ቦታዋን ትለቅ ነበር። ጎረቤቴ በሆላንድኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ ለአባቴ አልተረጎምኩትም።

ተቆጣጣሪው መፍቻ አመጣላት። አጥብቃ አሰረችውና ተኮሰች። አሁን ቀዳዳዎቹ ተቃቅፈው፣ ግን ሁሉም ወደ ቀኝ ሄደው ተገኙ።

"ንፋሱ ዞረ" አሉ አባቴ፣ ፊታቸውን ሳይለውጡ።

ማነጣጠሪያውን በጥቂቱ ወደ ግራ መለሰችና ትከሻዋን አመቻችታ ትንፋሿን አወጣች። ሁሉም ከቡና ማስቀመጫ ሳህን ባነሰች ቦታ ላይ አረፉ። ከዚያ እኔም እንድሞክር አንድ ጥይት ሰጠችኝ። ቃታውን ሳልስበው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሰደፉ ትከሻዬን ረገጠኝ፤ ጥይቱ የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም። በማግስቱ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ገብቼ የምግብ ጋሪ ስገፋ ትከሻዬን እያሸሁ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ በባቡር ጀርመን ሄደች። ስትመለስ መጀመሪያ የመጣችው እኛ ቤት ነው። አንዲት እንስት አጋዘን በአንድ ጥይት፣ ከቆመችበት ሳትራመድ መውደቋን ነገረችን። ለእኛም በወረቀት የተጠቀለለ ሙዳ ሥጋ ይዛ ነበር። ጾመ ነቢያት ስለገባ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥነው፤ ለገና በበርበሬ ጠብሼ እሷንም ጠራኋት።

ማዕዱ ከቀረበ በኋላ አባቴ በእኔ በኩል ጠየቋት። "አጋዘኗ ስትሞት ማን ባረካት?"

ጎረቤቴ ጥያቄውን እንደ ቀላል አላየችውም። ሹካዋን አስቀመጠች። "ካህን አልነበረም። ወንድሜ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቆርጦ አፏ ውስጥ አደረገላት። የመጨረሻ ጉርሻዋ እንዲሆን ነው። ከዚያ ባርኔጣችንን አውልቀን ዝም ብለን ቆምን። ሁልጊዜ እንዲያ እናደርጋለን።"

"ደግ ወግ ነው" አሉ አባቴ። ግን ከጥብሱ አልበሉም። ሳህናቸውን ወደ ዶሮ ወጡ ጠጋ አደረጉና፣ ከአጋዘኑ ጥብስ የለሰለሰውን እየመረጡ ለእሷ ማጉረስ ጀመሩ። እሷም በርበሬው ያረጠበውን አፍንጫዋን እየጠራረገች በላች።