«ትሰማለች» ነው የሚለው

እኔ ዕፀገነት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት። ቁጡ ነች ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ልጅ በልጅ ሲስቅ ካየሁ ደሜ ይፈላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በየዓመቱ ስለ ጓደኝነት የምናስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። «ጥሩ ጓደኛ ጓደኛዋን ትሰማለች።» ከዚያ «ሁላችሁም አንድ ላይ!» እላለሁ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ማንንም አላስነብብም።

ስምንት ዓመቴ ሳለ ይህንኑ ለብቻዋ ያነበበችው ታቢታ ነበረች፣ አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ ጓደኛዬ። ከቡሹሎ በእግሯ ነበር የምትመጣው። ቤታቸው የሚወራው ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ከእኔ ጋር ስትጫወት ነው። ያን ቀን ተነስታ «ትሰማለች» የሚለውን «ትስማለች» ብላ አነበበችው። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እኔ! ሆዴን ይዤ ስንፈቀፈቅ ክፍሉ በሙሉ ተከተለኝ። ታቢታ ቁጭ ብላ ደብተሯን ዘጋች። በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ካደግሁ በኋላ ቡሹሎ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤተሰቡ ከለቀቀ ቆይቷል፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም። ትናፍቀኛለች። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ትናፍቀኛለች።

ዘንድሮ፣ አርብ ዕለት፣ «ሁላችሁም» ብዬ ሳልጨርስ ሩሐማ ዘላ ተነሳች። አዲስ ልጅ ነች፤ ከመጣች ወር አልሞላትም።

«ጥሩ ጓደኛ ጓደኛዋን ትስማለች!» አለች፣ ጮክ ብላ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሩሐማ አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ስትዘጋ አየኋት። ይቺም ሄደች አልኩ በልቤ።

አጠገቧ ያለችው ሃሴት ግን ብድግ አለች። ሃሴት ማለት ለእኔም የማትመለስ ምላሰኛ ነች። የሩሐማን ጉንጭ ጧ አድርጋ ሳመችና ወደ ክፍሉ ዞረች።

«አዎ፣ ትስማለች! ምን ይጠበስ?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ሩሐማም አብራ ሳቀች። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

«ቲቸር፣ እያለቀሱ ነው?» አለች ሃሴት።

«የጠመኔ ብናኝ ነው! አርፈሽ ቁጭ በይ!»

የጠመኔ ብናኝ! ስንት ዓመት አፌን ሞልቼ ጓደኝነት የማስተምር ሴትዮ፣ ለታቢታ ማድረግ የነበረብኝን ከአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ተማርኩ። ተነስቶ መሳም ብቻ ነበር። ምን ነበረበት?

ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት አጣሁ። ሩሐማ ካልመጣችስ? ሰኞ ጠዋት ከዘበኛው ቀድሜ በር ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ይገባሉ፣ እሷ የለችም። ደወል ሊደወል ትንሽ ሲቀረው ከሃሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየተንጫጩ መጡ። እፎይ!

«ቲቸር፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ ሩሐማ።

«አንቺን» አልኳትና ጉንጯን ሳምኳት።

እየተሳሳቁ ወደ ክፍል ሮጡ። ደወሉ ተደወለ፤ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ መጣ።

«ቲቸር፣ ሁሉም ገብተዋል እኮ» አለኝ።

«አንዲት ልጅ ትቀረኛለች» አልኩት፣ ዓይኔን ከቡሹሎ መንገድ ሳልነቅል።