ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባው ሻርፕ

በየጠዋቱ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት መርፌዎቿን ከቦርሳዋ ታወጣና በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ትቆጥራለች። መርፌው ላይ የተደረደሩት የክር ቀለበቶች ሃያ መሆን አለባቸው። ክሩ ጸጉራም ስለሆነ ቀለበቶቹ ተሸፍነው አይታዩም፤ የሚታመነው ጣት ብቻ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ ብልጭልጭ ይሏታል፤ የደንብ ልብሷ ላይ ሁልጊዜ የሆነ የሚያበራ ብናኝ አይጠፋም። በእሷ ቤት ተራ ክር ለካልሲ ነው። እሷ የምትወደው በየስንዝሩ ጉብ ጉብ ያለውን፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋውን፣ እንደ ሽፋሽፍት ጸጉር ያወጣውን ነው። ክር ሻጩ አዲስ ዓይነት ሲመጣለት ይደውልላታል፤ ምሳዋን ትታ ትሄዳለች።

ባለፈው ሳምንት ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት ጥቅል አወጣላት። የፍየል ጸጉር የተቀላቀለበት፣ ከወይን ጠጅ ቀለም ተነስቶ ቀስ እያለ ብርቱካናማ የሚሆን፣ በመሃሉ ቀጭን የብር ክር የሚሮጥበት። ፋብሪካው መሥራት አቁሟል፤ ከሁለቱ ሌላ የለም። የማዕዘኑ ልብስ ቤት ባለቤት በዚሁ ክር የተጀመረውን አንድ ስንዝር ሻርፕ ስታይ ከእጇ ነጥቃ ብርሃን ላይ ያዘችው።

«ቅዳሜ አምስት ሰዓት ጨርሰሽ አምጪልኝ፤ መስኮቱ ላይ ያለችው አሻንጉሊት አንገት ላይ አደርገዋለሁ። ካላማረኝ ግን አልዋሽሽም፣ ይዘሽው ትመለሻለሽ።»

እስካሁን ሻርፖቿን የለበሱት እምቢ ማለት የማይችሉ ዘመዶች ናቸው። መንገደኛ የሚያየው መስኮት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደስታው አላስቀምጥ አላት፤ መቁጠሩን ረስታ በየማቆሚያው አንድ መስመር ትጨምር ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ቆጠረች። ሃያ ስድስት። እንደገና ቆጠረች። ሃያ ስድስት። ሻርፑን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ አንድ ስንዝር ስፋት ኖሮት የተጀመረው ጫፉ ላይ እንደ መጥረጊያ ተንዘርፍፏል። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር መርፌው የክሩን ጸጉር ሲይዝ፣ ቀለበት መስሏት ሠርታዋለች።

«ወይ ጉዴ!»

«የረሳሽው ነገር አለ?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ።

«አዎ። መቁጠር።»

ዓርብ ሥራዋ ግማሽ ቀን ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ቤቷ ገብታ ሻርፑን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ዕድሜ ልካቸውን ነጭ ሹራብ ብቻ የሠሩ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ክር ነው ወይስ የድመት ጭራ?»

«እማማ፣ ዛሬ አይቀልዱብኝ። ነገ ማድረስ አለብኝ።»

«ማን ቀለደ? ፍቺዋ።»

ሳበችው። ጸጉሮቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው እምቢ አሉ። አጥብቃ ስትስብ ክሩ ቀጠነ።

«ሊበጠስ ነው! ሌላ ክር የለም እኮ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ልቀቂው።»

ባሏ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ገባ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ነገሩን ሰምቶ ሻርፑን በሁለት ጣት አነሳው።

«የያዘው ጸጉሩ ነው?»

«ጸጉሩ ነው።»

«እንግዲያው በረዶ ቤት ይግባ። ጸጉር ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ የደረቀ ነገር አይጣበቅም።»

«ሥጋ መሰለህ እንዴ?» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ ሹራቡ የእናንተ፣ ፍሪጁ የእኔ። ተይኝ እስቲ።»

«ዓሣ ዓሣ ቢሸት አሻንጉሊቷም አትለብሰው!» አሉና በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ራሳቸው አስገቡት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣ። ጸጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጫፉን ስትስበው ጥርር ብሎ አንድ መስመር ተፈታ፤ ሌላው ተከተለ፣ ሌላውም። በደስታ ጮኸች። አምስተኛው ላይ ክሩ ሞቀና ያዘ፤ ተመልሶ ገባ። ሦስት ጊዜ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ወጣ። ባሏ የፍሪጁ ዘበኛ ሆነ፤ አማቷ በጣታቸው እየዳሰሱ ይጠራሉ።

«ሃያ አራት… ሃያ ሁለት… ቆይ፣ አትንኪው… ሃያ! ሃያ ነው አንቺ!»

ሦስቱም አጨበጨቡ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ መርፌው ላይ የመለሱት አማቷ ናቸው፤ ለማንም አላስነኩም።

«ለካ ይለሰልሳል» አሉ ክሩን ጉንጫቸው ላይ አድርገው።

ከዚያ በኋላ በየመስመሩ መጨረሻ እሷ ትቆጥራለች፣ እሳቸው ደግመው ይቆጥራሉ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ቀለበት ተዘጋ፤ የተረፈው ክር አንድ ክንድ አይሞላም።

የልብስ ቤቱ ባለቤት ሻርፑን መስኮቱ ጋ ወስዳ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በስንዝር ለካች። ጠርዙን ገለበጠች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ መስኮቱ ውስጥ ወጣችና አሻንጉሊቷ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው።

ብልጭልጭ መንገዱን ተሻግራ ከማዶ ቆመች። ከዚያ ርቀት ወይን ጠጁ ወደ ብርቱካናማ ሲያልፍ በግልጽ ይታያል። አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ ቆማ አየችው፤ ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች። የልብስ ቤቱ ባለቤት በሩን ከፍታ ወደ ማዶ ተጣራች።

«ስሚ! በሚቀጥለው ሳምንት ጥቁር ኮት ነው የማለብሳት! ለእሱስ ምን አለሽ?»

«አለኝ!» አለች፤ ምንም አልነበራትም።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ከአማቷ ጋር ክር ሻጩ ዘንድ ትሄዳለች።