ይሠራል፣ አይደል?

ቦንጋ ስመደብ ልጄ ጡት ከጣለች ብዙም አልቆየችም ነበር። እናቴ «ለጊዜው እኔ ጋ ትሁን» ብላ ደሴ አስቀረቻት። ዛሬ ልጄ ፊደል ቆጥራ፣ መጽሐፍ ታነባለች። እኔም እዚሁ ቦንጋ ነኝ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የመዝገብ ቤቱ ነበር። ባለጉዳይ ፋይል እስኪፈለግለት ቆሞ ውሎ ይመለስ ስለነበር፣ ፋይሉ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፍኩ። ለጊዜው ተብሎ በጥድፊያ የተሠራ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል፤ የሚነሣውም በእጅ ነው፣ እኔ ብቻ በማውቀው መንገድ። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ ከመጣ መብራት ይሄዳል፤ ዝናብ የማይመጣበትን ወር እስካሁን አላገኘሁትም።

«እንደ ወጉ ልሥራው፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ኃላፊያችንን ለመንኳቸው። ስክሪኑን አየት አደረጉና «ይሠራል፣ አይደል?» አሉኝ። ይሠራል። «ታዲያ ምን ጎደለ?»

በቅርቡ ዝውውር ጠይቄ ደሴ ቦታ ተገኘልኝ። የቀረው የእርሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር።

«አንቺ ከሄድሽ ማን ያስነሣዋል?» አሉ። የማር አገር፣ የማንኪራ ሰው ናቸውና እየሳቁ ጨመሩበት፦ «እኛ ዘንድ ቀፎውን የሰቀለ ሰው ነው ማሩን የሚያወርደው።» ማመስገናቸው ነው።

«አስተካክዬው፣ ሰውም አሠልጥኜ ልሂድ።»

«የሚሠራን ነገር ምን ያነካካናል፣ እህቴ?»

ወረቀቴን ሳይፈርሙ መለሱልኝ። አልተናደድኩም። መናደድ እንደሚገባኝ አውቅ ነበር፤ ግን አልመጣልኝም። ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። መብራት ሄዶ መጣ። ከመዝገብ ቤት «ቆሟል፣ ነይ» ብለው ጠሩኝ፤ አልተነሣሁም። እንዲሁ ቆሞ ቢሰነብት፣ ይሠራል የሚሉት ነገር እንደማይሠራ ያዩት ነበር። የዝውውሬም ፊርማ ይገኝ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጃንጥላቸው ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ ከሩቅ ነው፣ ከዋጫ ነው የመጣሁት። መኪና ሳያመልጠኝ ትደርሺልኛለሽ?»

ተነሣሁ። ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ ፋይላቸው ወዲያው ተገኘ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ልጅሽን ያሳድግልሽ» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ፣ አፌ እንደለመደው።

ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ ደሴ ደወልኩ። ልጄ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ነው። እንደማልመጣ የምነግራትን ቃል መንገዱን ሁሉ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት፤ ላስቀይማት ነው ብዬ። ስልኩን ራሷ አነሣችው።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ አያቷን ስትጣራ ሰማኋት፦ «እማዬ! ላንቺ ነው።»